እታለም የመረጠችው ወንዝ

የመርከብ ሽርሽራችን ካንስል መደረጉን የሰማሁት ሻንጣዬን አልጋ ላይ ከፍቼ ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለ ነው። 2020፣ ማርች ውስጥ ነበር። ልንሄድ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረናል፤ እኔ ግን ሁልጊዜም ሻንጣ የማዘጋጀው ከወር በፊት ነው። ማዘጋጀቱ ራሱ የጉዞው ግማሽ ይመስለኛል። ልጄ ደወለችና «ማሚ፣ ኢሜይል መጥቷል፣ መርከብ ሁሉም ቆሟል» አለችኝ። በዚያው ሳምንት የምሠራበት ሆቴልም ተዘጋ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀንም ሌሊትም ክፍት ሆኖ የማውቀው ቤት ነው። ተዘግቶ ስለማያውቅ በሩ ቁልፍ ይኑረው አይኑረው አስበን አናውቅም ነበር።

ከሁለቱ የቱ አስከፋሽ ብባል፣ እውነቱን ለመናገር መርከቡ ነው። ሥራውማ ነገ ከነገ ወዲያ ይጠሩናል ብዬ ነበር።

እታለም ጋ ደወልኩ። እታለም የምላት ጓደኛዬን ነው፤ የሥጋ ዝምድና የለንም። ሁለታችንም በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል የመጣን ነን፣ የተዋወቅነው ግን እዚሁ ላስ ቬጋስ፣ በሆቴሉ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እሷ ቀድማኝ ገብታ ነበር። ጋሪውን እንዴት እንደምሞላ፣ ወገቤን ሳልጎዳ ፍራሽ እንዴት እንደማነሳ፣ የትኛው ሱፐርቫይዘር ጣቱን በመደርደሪያ ጫፍ እያሳለፈ አቧራ እንደሚፈልግ ያሳየችኝ እሷ ናት። በዕድሜም አምስት ዓመት ትበልጠኛለች።

«እታለም፣ መርከባችን ቀረ» አልኳት።

«እግዜር ያመጣው ነው፣ ምን ይደረጋል» አለች።

ድምጿ ለስለስ ብሎ ነበር። ያኔ ሐዘን መስሎኝ አጽናናኋት። «አይዞሽ፣ ዓመት ምን አላት፤ በሚመጣው እንሄዳለን» አልኳት።

መርከብ መሄድ የጀመርነው ባለቤቴ ባረፈ በዓመቱ ነው። ታክሲ ነጂ ነበር፤ ድንገት ነው የሞተው። ቀብሩም ተዝካሩም አልፎ ሰው ሁሉ ወደየኑሮው ሲመለስ እኔ እዚያው ቀረሁ። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት። ኦቨርታይም ካለ እይዛለሁ፣ ከሌለ መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ። አንድ እሑድ እታለም ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሳትደውል መጣችና ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ከጋዜጣ የተቆረጠ ማስታወቂያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አራት ቀን ነው። ከሎንግ ቢች ይነሳል። ሁለት አልጋ አለው። ልጅሽ ከልጄ ጋር ትሰነብታለች። ፈቃድ ጠይቀሻል።»

«እኔ? መቼ ጠየቅኩ?»

«እኔ ጠይቄልሻለሁ» አለች።

በእሷ መኪና ሄድን። ባርስቶው ላይ ነዳጅ ስንቀዳ እንኳ እንመለስ እያልኩ እለምናት ነበር። መርከቡ ላይ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ግን ብቻዬን ወጥቼ መደገፊያውን ብረት ይዤ ቆምኩ። በአራቱም ማዕዘን ውሃ ብቻ ነው። ሰዎች ባሕር ውብ ነው ሲሉ የሰማሁት ስለ ቀለሙ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዓይኔ የሚያርፍበት አንድም የሚጠረግ፣ የሚወለወል፣ ወደ ቦታው የሚመለስ ነገር አልነበረም። ለስንት ዓመት የሰው ክፍል ስገባ መጀመሪያ የማየው ምን እንደተዝረከረከ ነው። እዚያ ግን ሁሉም ነገር እንዳለ ይሁን ተብሎ የተተወ ነበር። እስከ ምሳ ድረስ ቆሜ ቀረሁ።

ከክፍላችን ስንወጣ አልጋችንን አንጥፈን ነበር የምንወጣው። ይህን አስበን አይደለም፤ እጃችን ለምዶት ነው። እሷ በዚያ ወገን፣ እኔ በዚህ ወገን፣ አንሶላውን ወጠር፣ ማዕዘኑን እጥፍ። በሁለተኛው ቀን ክፍላችንን የሚያጸዳው ፊሊፒናዊ ሰውዬ ኮሪደሩ ላይ አስቆመንና «የት ሆቴል ነው የምትሠሩት?» አለን። ማዕዘኑን አይቶ ነው ያወቀን። እንዲህ የምታደርጉብኝ ከሆነ እኔን ከሥራ ያባርሩኛል ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ፣ አልጋውን ሳንነካ ለመውጣት እርስ በርስ እንጠባበቅ ነበር፤ ሁልጊዜም አንዳችን ትራሱን መታ መታ ሳናደርግ አንወጣም።

የሆቴላችንን ካዚኖ የሚመስለው የመርከቡ ካዚኖ በር ጋ ስንደርስ እታለም እጄን ይዛ በፍጥነት ታሳልፈኛለች። «የእኛ የሥራ ሺፍት አይደለም» ትላለች፣ በየዓመቱ፣ በየመርከቡ፤ በየዓመቱም እስቃለሁ። ሚጥሚጣ በትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ እንይዛለን። ሮብና ዓርብ ሲደርስ አንድ ሕንዳዊ ምግብ አብሳይ፣ ጾም የሚባለውን ነገር ካስረዳነው በኋላ፣ ያለ ቅቤ የተሠራ ምስር ይልክልን ነበር። ለትልቁ እራት ጥበብ ቀሚሳችንን ለብሰን ስንወርድ የማናውቃቸው ሰዎች አብረውን ፎቶ ይነሳሉ። ሜክሲኮ ስንት ጊዜ እንደሄድን አላስታውስም። አንድ ዓመት አላስካ፣ አንድ ዓመት ደግሞ እስከ ካሪቢያን ድረስ ሄደናል። አሥራ አምስት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

መርከቡ የትም ሳይቆም ባሕር ለባሕር የሚውልበት ቀን ለእኔ በዓል ነበር። እኔ ውጭ መደገፊያው ጋ እቆማለሁ፤ እሷ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጣ ዳንቴል ትሠራለች። «ነይ ውጪ» ስላት «ነፋሱ ይበርደኛል» ትላለች። ብርድ የምትፈራ ሴት አድርጌ ይዣት ነበር።

ወደ ኮሮናው ዓመት ልመለስ። እኔ የምኖረው ሎን ማውንቴን የሚባለው ተራራ አጠገብ ነው፤ እሷ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ግሪን ቫሊ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ቅዳሴ በስልክ፣ ለቅሶ በስልክ፣ ክርስትና በስልክ ሆነ። ዲሴምበር ላይ እታለም ታመመች። ሆስፒታል ገባች። ልጇ ማታ ማታ ይደውልልኛል፤ «ዛሬ ትንሽ ተናግራለች»፣ «ዛሬ ኦክስጅኑን ቀነሱላት» ይለኛል። እኔ ከመጸለይ ሌላ የምይዘው የምጨብጠው አልነበረኝም። ተሻላት፤ ለገና ቤቷ ገባች። እኔም ሾርባ እየሠራሁ በራቸው ላይ አስቀምጬ፣ ደወሉን ተጭኜ፣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በመስኮት እጇን ስታወዛውዝልኝ አይቼ እመለስ ነበር።

ትንሽ ስትበረታ አንድ ዘዴ አመጣች። ግሪን ቫሊ ውስጥ ባለ አንድ የገበያ ማዕከል መኪናዎቻችንን ጎን ለጎን ፓርክ እናደርጋለን፣ የእሷ መኪና አፍንጫ ወደ ሰሜን፣ የእኔ ወደ ደቡብ፣ ሾፌር ለሾፌር እንድንተያይ። መስኮት ዝቅ፣ ማስክ ከፍ። በየሐሙሱ እንዲህ እያደረግን አንድ ሁለት ሰዓት እናወራለን። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥራት፣ ልጇ ጨው የለሽ ምግብ እያበላ እንደሚያሰቃያት፣ ሪታየር ለማድረግ እንደቆረጠች የነገረችኝ እዚያ ነው።

ኤፕሪል ላይ ሁለታችንም ሁለተኛውን ክትባት ከተከተብን በኋላ ከመርከብ ድርጅቱ የመጣልኝን መጽሔት ይዤላት ሄድኩ። በመስኮት አቀበልኳት።

«ኦክቶበር ላይ እንጀምራለን ብለዋል» አልኳት። «ያው ሜክሲኮ። ዘንድሮ እንኳ ባልኮኒ ያለው ክፍል እንውሰድ፣ ይገባናል።»

አልከፈተችውም። ከጎኗ ካለው ወንበር ሌላ መጽሔት አነሳችና በተራዋ አቀበለችኝ። ሽፋኑ ላይ ትንሽ ነጭ መርከብ አለች፣ በግራዋም በቀኟም ዛፍ።

«ይሄ ወንዝ ነው እኮ» አልኩ።

«አዎ፣ ወንዝ ነው።»

«እታለም፣ ዳርና ዳሩ እየታየ ምኑን መርከብ ሆነ?»

«ዳርና ዳሩ ስለሚታይ ነው የመረጥኩት።»

ሕመሙ ያመጣው ሐሳብ መሰለኝ። «ሰው እንዳይበዛብሽ ፈርተሽ ነው? ትንፋሽሽን ፈርተሽ ነው?» አልኳት።

«እሱም አለ» አለች። መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። «አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ባሕር አልወድም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ቀልድ መሰለኝና ሳቅኩ። ማስኩ ፊቷን ሸፍኖታል፤ የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነው። ዓይኗ አልሳቀም።

«መሬት ከዓይኔ ሲጠፋ ያስጨንቀኛል» አለች። «ዳንቴል ስሠራ ቀና የማልለው ለምን ይመስልሻል? ውሃውን ላለማየት እኮ ነው። የሠራሁት ዳንቴል ስንት ቤት እንደሚያለብስ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«ታዲያ አሥራ አምስት ዓመት ምን ወሰደሽ?»

«አንቺ ነሻ። የመጀመሪያው ቀን ውጭ ቆመሽ አየሁሽ። ባልሽ ከተቀበረ ወዲህ ፊትሽ ሲፈታ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ተፈታ። በዓመቱ ደግሞ ራስሽ መጥተሽ ‹ዘንድሮስ አንሄድም ወይ?› አልሽኝ። ምን ልበልሽ?»

«እውነቱን ነዋ!»

«ብነግርሽ ብቻሽን ትሄጂ ነበር?»

«አልሄድም።»

«በቃ» አለች።

ማመስገን ነበረብኝ። ዛሬ ሳስበው፣ ከመኪናዬ ወርጄ፣ በሽታም ይሁን ሌላ፣ አንገቷን አቅፌ መሳም ነበረብኝ። እኔ ግን ተናደድኩ። ምጣድ ጥጄ መጥቻለሁ ብዬ ዋሽቻት መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ። እስከ ቤቴ ድረስ ደሜ ሲፈላ ነበር። ምን እንዳናደደኝ ራሴም በደንብ አላውቅም ነበር። የእኔና የእሷ ያልኩት ደስታ የእኔ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አሥራ አምስት ዓመት አብራኝ እየተደሰተች መስሎኝ፣ ለካ ሕመምተኛ እንደምታስታምም ሰው አጠገቤ ተቀምጣ ነው የኖረችው።

ሳምንት ሙሉ አልደወልኩም። ሐሙስ መጣ፣ ሄደ። እሷም አልደወለችም።

ቅዳሜ ልጄ ከምትኖርበት ከሰዘርን ሃይላንድስ ልትጠይቀኝ መጣች። የፎቶ አልበሞቹን ሁሉ አውጥቼ ምንጣፉ ላይ ዘርግቻቸው አገኘችኝ። አጠገቤ ተቀመጠችና ታገላብጥ ጀመር።

«ማሚ፣ እታለም ሁልጊዜ ያንቺ ጃኬት ይዛለች» አለችኝ።

«የቱ ላይ?»

«ኤቭሪ ፒክቸር። እዚህ። እዚህም።»

እውነቷን ነው። መርከቡ ላይ በተነሳነው በእያንዳንዱ ፎቶ እታለም በግድግዳው ወገን ናት፤ አንድ እጇም እጅጌዬን ወይ የጃኬቴን ጫፍ ጨብጧል። ጣቶቿ ደም እስኪሸሻቸው ድረስ።

«እሷ እዚህ ፈርታለች» አለች ልጄ። «አንቺ አላየሽም?»

«አላየሁም።»

«አንቺ ባሕር ብቻ ታያለሽ፣ ማሚ።» ክፋት አልነበረበትም፤ አማርኛዋ አጭር ስለሆነ ነገር ማለዘብ አትችልበትም።

ገጹን ስገልጥ ግን ሌላም ነገር አገኘሁ። ወደብ ላይ የተነሳናቸው ፎቶዎች ላይ እታለም ሌላ ሴት ናት። ማዛትላን የዓሣ ገበያ ውስጥ ከእሷ የሚረዝም ዓሣ ታቅፋ አፏ እስኪከፈት ትስቃለች። ኤንሴናዳ ላይ የገለባ ባርኔጣ ደፍታ ከባርኔጣ ሻጩ ጋር ስትከራከር፤ አላስካ በረዶ ላይ ቁጭ ብላ። የራሷ ደስታ ነበራት። መርከቡ መሬት እስኪነካ ትጠብቀው ነበር እንጂ። እኔ ወደብ ላይ ቶሎ እንመለስ እያልኩ ስነዘንዛት የነበረውም ትዝ አለኝ፤ ያን ጊዜ ነው ያፈርኩት።

ልጄ እንደሄደች ደወልኩ። ሰላምታም አላስቀደምኩም።

«ወንዙ የትኛው ነው?»

«ገና አልቆረጥኩም» አለች እታለም፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። «ሦስት አሉ።»

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሥራችን ወንዝ መምረጥ ሆነ። አውሮፓ ያሉት ወንዞች ያምራሉ፤ በየዳሩ ቤተ መንግሥትና ወይን ነው። ግን አገሩ ይከፈት አይከፈት የሚያውቅ የለም፣ በረራውም ለሳንባዋ ረጅም ነው። ሚሲሲፒን እኔ ወደድኩት፤ ካርታው ላይ ሳየው ሰፊ ነው። እሷም ሰፊነቱን ሰምታ «እሱ የተሸሸገ ባሕር ነው፣ ይቅርብኝ» አለች። የቀረው እዚሁ አሜሪካ ያለው ኮሎምቢያ ወንዝ ነበር፤ መርከቡ ከፖርትላንድ ተነስቶ በተራራ መሐል ወደ ላይ ይወጣል። ከቬጋስ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው።

ከመርከቡ ቢሮ ሴትየዋን ያነጋገርናት ያው መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሆነን፣ ስልኬን ስፒከር አድርጌ በመስኮቱ ዘርግቼ ነው። እኔ የለመድኩትን ጠየቅኩ፤ ስንት ፎቅ አለው፣ ሾው አለው ወይ፣ ገንዳ አለው ወይ። ሾውም ገንዳም የለውም፤ ካዚኖም የለውም። «ተመስገን» አለች እታለም በአማርኛ። ከዚያ «እኔ ደግሞ የምጠይቀውን ጠይቂልኝ» አለችኝ።

«እሺ።»

«ከየትም ቦታ ሆኜ ዳሩ ይታየኛል ወይ በያት።»

ጠየቅኳት። ይታያል አለች።

«በሁለቱም ወገን?»

በሁለቱም ወገን አለች ሴትየዋ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላት እንደማያውቅ ድምጿ ያሳብቃል።

«ብወድቅ እቆምበታለሁ ወይ በያት።»

«እታለም!»

«ጠይቂያ!»

ጠየቅኳት። ሴትየዋ ሳቀችና፣ እንደማትቆምበት፣ ግን እስካሁን የወደቀባቸው ሰው እንደሌለ ነገረችን። እታለም ትንሽ አሰበችና «ያዢው» አለችኝ።

ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ሄድን። እኔን በዚያ ሰመር ሥራ መልሰው ጠርተውኝ ነበርና ፈቃድ ጠየቅኩ፤ በዚህ ጊዜ ራሴ። መርከቧን ወደቡ ላይ ሳያት ሆዴ ባባ። ታንሳለች። በአሥር ደቂቃ ዙሬ ጨረስኳት። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ወጥቼ መደገፊያውን ያዝኩና ዓይኔን ወደ ፊት ሰደድኩት፤ ጫካ መለሰው። ወደ ኋላ ዞርኩ፣ ድልድይ። ባሕሩ ናፈቀኝ፤ አልዋሽም። ያ ባዶነት፣ ያ ምንም አለመኖር ናፈቀኝ። ለእታለም ግን አልነገርኳትም። ለአንድ ሳምንት እንኳ እኔም ዝም ልበል ብዬ።

እታለም ዳንቴሏን ከሻንጣዋ አላወጣችውም። ቁርስ እንደበላን ከእኔ ቀድማ ውጭ ናት። በሁለተኛው ቀን ዛፎቹ እየሳሱ ሄደው፣ አለቁና በግራም በቀኝም ዛፍ የሌለው ቡናማ ኮረብታ ሆነ። «ቤታችን ደረስን እንዴ?» አለችኝ። እውነትም የሎን ማውንቴንን ዙሪያ ይመስል ነበር። ከዚያ ግድቡ ጋ ደረስን። መርከቧ ሁለት ግንብ መሐል ገባች፣ ከኋላችን በሩ ተዘጋ፣ ውሃው ከሥር እየሞላ እኛን ይዞ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። እኔ እታለም ትፈራለች ብዬ ክንዴን ሰጠኋት። አልያዘችውም። ግንቡ ላይ ያለው እርጥብ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ቀስ እያለ አጠገባችን ሲወርድ አፏን ከፍታ ታያለች። ላይ ስንደርስ ከግድቡ ጫፍ አንድ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሠራተኛ ቆሟል። እታለም እጇን አውለበለበችለት። ሰውየውም እጁን አውለበለበላት።

«አየሽ?» አለችኝ፣ ዞር ብላ። «ባሕር ላይ ማን ይመልስልሻል?»

ከዚያ በኋላ ያየችውን ሁሉ ሰላም ስትል ዋለች፤ ዓሣ አጥማጁን፣ ውሻ የሚያናፍሰውን፣ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ጭነት መኪና ሳይቀር። ጭነት መኪናው ጡሩምባ ነፋላት። እኔ ወንዙን ትቼ እሷን ሳይ ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ «ትንሽ ጋደም ልበል» አለችና ክፍላችን ገባን። እኔ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ እንግዳ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የመርከቧ ሞተር መስሎኝ ነበር። ለካ እታለም እያንኮራፋች ነው፤ ከልቧ፣ አፏን በሰፊው ከፍታ፣ የበላች የጠጣች ሰው እንደሚያንኮራፋ። ከዚህች ሴት ጋር አሥራ አምስት ዓመት አንድ ክፍል ተኝቻለሁ፤ ስታንኮራፋ ሰምቻት አላውቅም። ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳብኩላት። ማዶ በወንዙ ዳር አንድ የጭነት ባቡር ከእኛ ጋር እኩል ይሄዳል፤ ትንሽ ቆይቶ ቀደመን። ከባቡሩ በላይ የታጨደ የስንዴ ማሳ ነበር። ሻይ ላዝላት ተነሳሁና፣ በሩ እንዳይቀሰቅሳት ፈርቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ።